ድድና ሌዘር፤ ግመሏ ትሸጥ ወይስ አትሸጥ?

በአማርኛችን የድድ ስም ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ለቀልድ ነው። ሥራ የፈታ ሰው ፀሐይ የሚሞቅበትን ቦታ «ድድ ማስጫ» እንለዋለን፤ በግቢያችንም ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ያለው የድንጋይ ደረጃ በዚሁ ስም ከተጠራ ቈይቷል። በጥቅምት ወር መጀመሪያ ላይ በዚያው ደረጃ ተቀምጠን ድዳችንን ስናሰጣ ሳለ፤ የድድ ነገር ቀልድነቱ ቀርቶ በእውነት መጣብን።

ከመካከላችን አንዱ የቦርደዴ ልጅ ነው። ቦርደዴን ለማያውቅ ሰው ለመንገር ያህል፤ ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የምዕራብ ሐረርጌ ቈላ ከተማ ናት። ጓደኛችን በዚያን ዕለት ከቤቱ ስልክ ተደውሎለት ፊቱ ተለዋውጦ መጣ። እናቱ ድዳቸው መድማት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን ደግሞ ሁለት የታች ጥርሶቻቸው መነቃነቅ ጀምረዋል። አንድ ዘመድ አዲስ አበባ አምጥቷቸው አንድ የጥርስ ክሊኒክ ገብተው ነበር። እዚያም «ድድዎ በሌዘር ካልታከመ ጥርስዎ ሁሉ ይረግፋል» ተብለው ዋጋው ተነገራቸው። ዋጋውን የሰማው ቤተ ሰብ መክሮ የምትታለበውን ግመል ለመሸጥ አስቧል። የዚያች ግመል ወተት የታናናሾቹ ቁርስና እራት ነው። ጓደኛችንም ይህን ከነገረን በኋላ ዞር ብሎ፤ «እናንተ ስታነቡ ነው የምትውሉት፤ እስቲ ንገሩኝ፤ ግመሏ ትሸጥ ወይስ አትሸጥ?» አለን።

መልስ አልነበረንም። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን፤ ስለ ቅኔ ብንጠየቅ ትንሽ እንሞክር ነበር እንጂ ስለ ድድ የምናውቀው ነገር አልነበረም። ይሁን እንጂ ጥያቄው የማያስተኛ ሆነብን። ስለዚህ መጻሕፍት አገላበጥን፤ የጥርስ ሕክምና የሚማሩ ጓደኞቻችንንም አስቸገርን። ከዚህ በታች የምናቀርበው የተረዳነውን ያህል ነው። ዓላማችን ማንንም ሐኪም ለማድረግ አይደለም፤ ሐኪም ፊት የቀረበ ሰው ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው።

የድድ በሽታ ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ልናርመው የሚገባን አንድ ስሕተት አለ። ጥርስን ይዞ ያቆመው ድድ ይመስለናል። ጥርስ የተተከለው ግን በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ነው፤ ከአጥንቱም ጋር በጥቃቅን ጅማቶች ታስሯል። ድድ ይህን ሁሉ የሚሸፍን ልባስ ነው። በጤነኛ ሰው አፍ ውስጥ ድድና ጥርስ በሚገናኙበት ላይ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር የምትጠልቅ ስንጥቅ አለች። የበሽታው ታሪክ ሁሉ የሚጀምረው በዚህች ስንጥቅ ነው።

ጥርስ በተፋቀ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በላዩ ላይ ለስላሳ ሽፋን ይፈጠራል። ይህ ሽፋን የምግብ ትራፊ ብቻ አይደለም፤ እጅግ ብዙ ጀርሞች ተያይዘው የሚኖሩበት ነው። በየቀኑ ከተጠረገ ጉዳት የለውም። ካልተጠረገ ግን በምራቅ ውስጥ ያሉ ማዕድናት እየተጨመሩበት ይጠናና እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ በመፋቂያም ሆነ በብሩሽ አይለቅም።

ይህ ሽፋን ብቻውን ድድን ለማሳመም እንደሚበቃ የተረጋገጠው በተማሪዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሐራልድ ሎ የተባለው ሊቅና ባልደረቦቹ ዴንማርክ ውስጥ በኦርሁስ ከተማ ጤነኛ ድድ ያላቸውን 12 ሰዎች፤ አብዛኞቹ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች የሆኑትን፤ ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲተዉ አደረጉ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ቀላና አበጠ። ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ጤንነቱ ተመለሰ። እንግዲህ ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ድድ ይቀላል፤ ያብጣል፤ ሲነኩት ይደማል፤ ነገር ግን የጠፋ ነገር ስለሌለ ፈጽሞ ይድናል።

ሁለተኛው ደረጃ ክፉው ነው። ቁጣው ሲሰነብት ድዱ ከጥርሱ ይላቀቅና ያች ትንሽ ስንጥቅ 4፤ 5፤ 6 ሚሊሜትርና ከዚያም በላይ የምትጠልቅ ኪስ ትሆናለች። በኪሷ ውስጥ ብሩሽ የማይደርስበት ድንጋይ ይጋገራል፤ በሥሩ ያለውም አጥንት ቀስ በቀስ ይሟሟል። በጨርጨር ተራሮች ላይ ጐርፍ አፈሩን ያጠበበትን ዛፍ ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ዛፉ አልታመመም፤ ግንዱም ቅርንጫፉም ደኅና ነው፤ ነገር ግን ሥሩ ከአፈር ወጥቷልና በነፋስ ይወዛወዛል። የጓደኛችን እናት ጥርስ የተነቃነቀው እንዲሁ ነው። የጠፋውም አጥንት በራሱ ጊዜ ተመልሶ አይበቅልም።

የዚህ በሽታ ተንኰል ብዙውን ጊዜ አለማሳመሙ ነው። ጥርሱን የበላው ሰው ሌሊት ስለማይተኛ ሐኪም ይፈልጋል፤ ድዱ የታመመው ግን ደም ተፍቶ አፉን ተጉመጥምጦ ወደ ሥራው ይሄዳል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በከባድ የድድ በሽታ የተያዙት የዓለም ሰዎች ከአንድ ቢልዮን ይበልጣሉ።

ደግሞ ሁሉንም እኩል አይጐዳም። ይኸው ሐራልድ ሎ በስሪ ላንካ የጥርስ ሕክምና አይተው የማያውቁ 480 የሻይ እርሻ ሠራተኞችን ከ1970 ጀምሮ 15 ዓመት ያህል ተከታትሎ ነበር። ሁሉም አፋቸው የቈሸሸ ነበር። ከመካከላቸው ግን 8 ከመቶ የሚሆኑት ጥርሳቸው በፍጥነት ሲረግፍ፤ 81 ከመቶ የሚሆኑት በመጠኑ ተጐዱ፤ 11 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ ከድድ መቅላት አላለፉም። ስለዚህ የሰውነት ተፈጥሮም ድርሻ አለው። ከሁሉ ይልቅ በሽታውን የሚያባብሱት ሁለት ነገሮች ትምባሆና በሕክምና ያልተገታ የስኳር በሽታ ናቸው። ስኳርና ድድ ወዲያና ወዲህ ይጐዳዳሉ፤ ስኳሩ ድዱን ያባብሳል፤ የታመመውም ድድ ስኳሩን ለመቈጣጠር ያስቸግራል።

በሐረርጌ ጫት ሳይነሣ ስለ አፍ መናገር አይቻልም። የጫት ነገር ጥናቶቹን ያላስማማ ነው፤ አንዳንዶቹ ቅጠሉ በሚታመቅበት ጉንጭ በኩል ድድ ሸሽቶ የጥርስ ሥር መጋለጡን ሲያሳዩ፤ ሌሎቹ ይህን ያህል ልዩነት አላገኙም። ይሁን እንጂ ከጫቱ ጋር የሚጨሰው ሲጃራና የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ ጉዳታቸው አያከራክርም።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። በስምጥ ሸለቆ፤ በተለይም በወንጂ አካባቢ፤ ጥርሳቸው ቡናማ የሆነ ሰዎች ብዙ ናቸው። ይህ በውሃው ውስጥ ካለው የፍሎራይድ ብዛት የሚመጣ፤ ጥርሱ ገና ሲፈጠር የሚያገኘው ቀለም ነው እንጂ የድድ በሽታ አይደለም፤ የባለቤቱም ስንፍና ምልክት አይደለም። ጥርሱ ነጭ ሆኖ ድዱ የሚበሰብስ አለ፤ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ድዱ እንደ አለት የጠና አለ።

ሌዘርስ ምንድን ነው?

ሌዘር ብርሃን ነው። ከመብራት አምፑል የሚወጣው ብርሃን ግን ገበያ ሲፈታ እንደሚበተን ሰው ነው፤ ሁሉም በየቀለሙ፤ በየአቅጣጫው፤ በየርምጃው ይሄዳል። የሌዘር ብርሃን እንደ ሰልፈኛ ወታደር ነው፤ አንድ ቀለም፤ አንድ አቅጣጫ፤ አንድ ርምጃ። ስለዚህ ኀይሉ አይበተንም፤ በአንዲት ነጥብ ላይ ሊሰበሰብ ይችላል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1917 ያመነጨው አልበርት አይንስታይን ነው፤ የመጀመሪያውን መሣሪያ ሠርቶ ያበራው ግን ቴዎዶር ሜይማን የተባለ አሜሪካዊ ነው። ይህም በ1960 ግንቦት ውስጥ በካሊፎርኒያ ሆነ፤ የተጠቀመበትም ቀይ የከበረ ድንጋይ፤ ሩቢ ነበር።

የሌዘር ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የሚለያየውም በብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ነው። ርዝመቱ የሚለካው በናኖሜትር ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ለአንድ ሚልዮን ቢከፈል አንዱ ክፍል አንድ ናኖሜትር ይባላል። ይህን የምንጠቅሰው ለማስደነቅ አይደለም፤ ሥራው የሚወሰነው በዚህ ቍጥር ስለ ሆነ ነው።

ከ800 እስከ 980 ናኖሜትር ገደማ ያለው «ዳዮድ» ይባላል። መሣሪያው ትንሽና ከሌሎቹ ረከስ ያለ በመሆኑ በጥርስ ክሊኒኮች በብዛት የሚታየው እሱ ነው። ብርሃኑ የሚመጠጠው በደምና በጥቁር ቀለም ነው፤ ስለዚህ ለስላሳ ሥጋን ይቈርጣል፤ ደምንም ያቆማል። 1064 ናኖሜትር የሆነው «ኒዮዲሚየም ያግ» ጠባዩ ከዚህ ይቀራረባል፤ ወደ ውስጥ ግን ይበልጥ ይዘልቃል። 2940 ናኖሜትር የሆነው «ኤርቢየም ያግ» ደግሞ በውሃ እጅግ ስለሚመጠጥ በጠንካራ ነገር ውስጥ ያለችውን ጥቂት ውሃ በቅጽበት አፍልቶ ይፈነቅለዋል፤ በጥርስ ሥር ላይ የተጋገረውን ድንጋይ ለማንሣት የሚችለው ይህ ነው።

እንግዲህ አንባቢያችን አንድ ነገር እንዲያስተውልልን እንለምናለን። በብዛት የሚገኘው ዳዮድ ሌዘር ድንጋዩን አያነሣም። የበሽታው ምሽግ ደግሞ ድንጋዩና በላዩ የተሸሸጉት ጀርሞች ናቸው። አንድ ሰው ድንጋዩ ሳይጠረግለት በዳዮድ ብቻ ቢታከም፤ ምድጃው እየነደደ ጭሱን በእጅ እንደ መበተን ነው። ድዱ ለጊዜው ሊረጋጋና መድማቱን ሊያቆም ይችላል፤ ከወራት በኋላ ግን ተመልሶ ይመጣል።

ሊቃውንቱ ምን አሉ?

ስለ ሌዘር የሚነገረው ምስጋና ብዙ ነው። ጀርም ይገድላል፤ የታመመውን የኪስ ልባስ ያነሣል፤ ደም አያፈስስም፤ ቢላዋና ስፌት ያስቀራል ይባላል። ከዚህም ውስጥ ውሸት ያልሆነ አለ። በኒዮዲሚየም ያግ የሚደረግ አንድ ልዩ የድድ ሕክምና በአሜሪካ የመድኀኒትና የምግብ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ፈቃድ አግኝቷል። ሆኖም መሣሪያው በገበያ ላይ እንዲውል መፈቀዱ አንድ ነገር ነው፤ ከተለመደው ሕክምና ይበልጣል ማለት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እኛ ማወቅ የፈለግነው ሁለተኛውን ነበር።

የአሜሪካ የድድ ሐኪሞች አካዴሚ በ2011 ባወጣው መግለጫ ሌዘር ብቻውንም ሆነ ከእጥበት ጋር ተጨምሮ ከድድ ሥር ላለው ጽዳት ያለው ማስረጃ እጅግ ጥቂት መሆኑን ተናግሯል። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2015 ባወጣው መመሪያ በመጀመሪያ ረድፍ ያስቀመጠው ተራውን ጥልቅ እጥበት ነው፤ ይህ እጥበት ድዱን ከጥርሱ ጋር የሚያያይዘውን ክፍል በአማካይ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል እንደሚያሻሽለው ገምቷል። በመጨረሻም የአውሮፓ የድድ ሐኪሞች ፌዴሬሽን በ2020 ባወጣው መመሪያ ሌዘርን በእጥበቱ ላይ መደረብን እንደማይደግፍ በግልጽ ጽፏል። ምክንያታቸው ሌዘር መርዝ ነው ማለት አይደለም፤ በእጥበቱ ላይ ተጨምሮ የሚያመጣው ጥቅም ካለም ጥቂት ነው፤ ጥናቶቹም እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ ወጪው ግን የታወቀ ነው ማለት ነው።

ሌዘር ጉዳትም አለው። በማይገባ ኀይል ከተለቀቀ ድዱን፤ የጥርሱን ሥርና አጥንቱን ያቃጥላል፤ ዐይንንም ሊያጠፋ ስለሚችል ሐኪሙም ታካሚውም ልዩ መነጽር ማድረግ አለባቸው። ለእኛ አገር ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የብዙዎቻችን ድድ በተፈጥሮው ጠቈር ያለ ነው፤ በሰሜኑ ክፍል እንደ ውበት ተቈጥሮ ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶችም አሉ። ጥቁር ቀለም የዳዮድንና የኒዮዲሚየምን ብርሃን ስለሚመጥጥ በቶሎ ይሞቃል፤ ሐኪሙ ይህን አይቶ ኀይሉን መመጠን ይገባዋል። የሚያስገርመውም ሌዘር ከሚመሰገንባቸው ሥራዎች አንዱ ይህን ጥቁረት ከድድ ላይ አንሥቶ ሮዝ ማድረግ ነው። እናቶቻችን በመርፌ እየተወጉ ያጠቈሩትን ዛሬ ሌላው ገንዘብ ከፍሎ ያነጣዋል። ጥቁረቱ ግን በሽታ አይደለምና መታከም የለበትም።

ፍርዳችን እንዳያደላ የሌዘርንም መልካም ጎን እንናገር። ከመጠን በላይ ያደገን ድድ ለመቅረፍ፤ ከንፈርን ወይም ምላስን አስሮ የያዘን ጅማት ለመልቀቅ፤ ደም በቶሎ ለማይቆምለት ሰው ትንሽ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ንጹሕና ፈጣን መሣሪያ ነው። በሠለጠነ እጅም ከእጥበት ጋር ቢጨመር ኀጢአት አይደለም። የእኛ ክርክር «ያለሱ አይሆንም» ከሚለው ቃል ጋር ብቻ ነው።

ዋናው ሕክምና የትኛው ነው?

ዋናው ሕክምና ሕዝቡ «የጥርስ እጥበት» የሚለው ነው፤ ለታመመ ድድ ሲሆን ግን ከላይ ከላይ ሳይሆን እስከ ኪሱ ወለል ድረስ የሚወርድ ጥልቅ እጥበት ነው። ሐኪሙ በመጀመሪያ ሚሊሜትር በተቀረጸበት ቀጭን ዘንግ የየጥርሱን ኪስ ይለካና ይጽፋል፤ የአጥንቱን ሁኔታ በራጅ ያያል። ከዚያም አደንዝዞ በእጅ መሣሪያ ወይም በሚንቀጠቀጥ ማሽን ድንጋዩን ከሥሩ ያነሣል። ይህ ከአንድ ቀጠሮ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሦስት ወር ያህል ቈይቶ እንደ ገና ይለካል። አብዛኛው ኪስ ጠቦ ይገኛል፤ 6 ሚሊሜትርና ከዚያም በላይ ሆኖ የቀረ ካለ ያን ጊዜ ስለ ቀዶ ሕክምና መነጋገር ይገባል። ከዚህ በኋላ እንደ ሰውዬው ሁኔታ በየሦስት ወሩም ሆነ በየዓመቱ መታየት ያስፈልጋል። ሌዘር ቢኖርም ባይኖርም ይህ ሥርዐት አይቀርም።

ከሐኪሙ ሥራ ይልቅ ግን የሚበልጠው በቤት የሚሠራው ነው፤ ምክንያቱም ሽፋኑ በየቀኑ ይፈጠራል፤ ሐኪሙ ደግሞ በየቀኑ የለም። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ለድድም ይሠራል፤ በእኛ አገር ቅጠሉ መፋቂያ ነው። በሚኤሶና በቦርደዴ ቈላ ሰው መፋቂያውን ይዞ ሲሄድ ማየት የተለመደ ነው፤ በኦሮምኛ «ሪጋ» ይሉታል። በደረቅ ቈላ የሚበቅለውንና ዐረቦች «አራክ» የሚሉትን የመፋቂያ ዛፍ በእስልምና አገሮች ሁሉ ያከብሩታል። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1986 መፋቂያ በተለመደበት አገር እንዲሠራበት መክሯል። ስለዚህ ብሩሽ መግዛት ያልቻለ ሰው የሚያፍርበት ነገር የለም።

ችግሩ ከዕንጨቱ አይደለም፤ ከአፋፋቃችን ነው። አብዛኛው ሰው የሚፍቀው ሲስቅ የሚታየውን የፊት ለፊቱን ጥርስ ብቻ ነው። ድንጋይ በብዛት የሚጋገረው ግን ከታች የፊት ጥርሶች በስተ ጀርባ፤ በምላስ በኩል ነው። ስለዚህ የመፋቂያውን ጫፍ አኝኮ እንደ ብሩሽ ማለስለስ፤ ጥርስና ድድ የሚገናኙበትን መስመር በቀስታ ማሸት፤ የውስጡንና የኋላውን ጥርስ አለመርሳት ያስፈልጋል። ጫፉ ሲሻክር ቈርጦ ሌላ ማኘክ ይገባል። በጥርስ መካከል መፋቂያም ብሩሽም አይገባም፤ እዚያ ክር ወይም ለስላሳ ስንጥር ይሠራል፤ እሾህ ግን ድድን ስለሚወጋ መተው አለበት። አመድና ከሰል ጥርሱን ይፍቁታል፤ አብረው ግን ይበሉታል። ድድ ሲደማም መፋቅ መተው አይገባም፤ ደሙ «ይበልጥ አጽዳኝ» የሚል ጥሪ ነው እንጂ «ተወኝ» የሚል አይደለም።

ስለ ሕፃናት አንድ ቃል

ስለ ትልልቆች ስናነብ ያላሰብነው ነገር አገኘን፤ ብንተወው ሕሊናችን አይፈቅድም። በምግብ እጥረት የተጐዳ ልጅ፤ በተለይም ከ2 እስከ 6 ዓመት ያለ፤ ኩፍኝን የመሰለ በሽታ ካደከመው በኋላ ድዱ ሊቈስልና ሊሸት ይችላል። ይህ ቍስል በጥቂት ቀን ውስጥ ጉንጩን በልቶ ፊቱን የሚቀድ «ኖማ» የተባለ በሽታ ሊሆን ይችላል። ካልታከመ ከያዛቸው እስከ 90 ከመቶ የሚሆኑትን ይገድላል፤ በመጀመሪያው ቀን ከተደረሰበት ግን በአንቲባዮቲክ፤ አፍን በማጽዳትና በመልካም ምግብ ይድናል። የዓለም የጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ/ም ኖማን ከተዘነጉ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ተርፈው ፊታቸው የተጐዳ ኢትዮጵያውያንን «ፌሲንግ አፍሪካ» የተባለ የእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሐኪሞች አዲስ አበባ እየመጡ በቀዶ ሕክምና ሲረዱ ኖረዋል። ስለዚህ የከሳ ሕፃን ድድ ቢቈስልና አፉ ቢሸት ነገ የማይባል ነገር ነው፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

ግመሏስ?

ያነበብነውን ይዘን ለጓደኛችን የሰጠነው መልስ አጭር ነበር። «ግመሏ አሁን አትሸጥ፤ እናትህ ግን ዛሬውኑ ይታዩ» አልነው። ሐኪሙን የሚጠይቋቸውን አራት ጥያቄዎችም በወረቀት ጻፍንለት። የየጥርሱ ኪስ ጥልቀት ስንት ሚሊሜትር ነው? አጥንቱ በራጅ ሲታይ እንዴት ነው? በመጀመሪያ ጥልቅ እጥበት ብቻ ቢደረግና ከሦስት ወር በኋላ ቢለካ ምን ይጐድላል? ስኳራቸውስ ተለክቷል? አንድ ሐኪም በእነዚህ ጥያቄዎች ከተቈጣ ሌላ ሐኪም መፈለግ ነው፤ ከመለሰ ግን ሌዘር ቢኖረውም ባይኖረውም መልካም ሐኪም ነው።

ጓደኛችን ወረቀቱን በስልክ ለእኅቱ አነበበላት። እናቱ ወደ ሌላ ሐኪም ቤት ሄዱ። እዚያም ስኳራቸው ሲለካ ከፍ ብሎ ተገኘ። እሳቸው የሚያውቁት ጥም እንደሚበዛባቸውና ሌሊት እንደሚያስነሣቸው ብቻ ነበር፤ ለቈላው ሙቀት ሰጥተውት ኖረዋል። ለስኳሩ መድኀኒት ተጀመረላቸው፤ ድዳቸውም በአራት ቀጠሮ ታጠበ። ከሁለቱ ተነቃናቂ ጥርሶች አንደኛው ሥሩ ሁሉ ተጋልጦ ስለ ነበር ተነቀለ። ሁለተኛው እስካሁን አለ፤ ይነቃነቃል፤ ግን ይዟል። መድማቱ ቆሟል። ይህን የምንጽፈው በጥር ነው፤ ሁለተኛው ልኬት ገና አልተደረገምና ድል አድርገናል አንልም። ግመሏ ግን ትታለባለች።

ይህን ያተትነው ብልኅነታችንን ለማሳየት አይደለም። በዚያ ክሊኒክ ሌዘሩን ያቀረበው ሰው ክፉ ነው ለማለትም አይደለም፤ ውድ መሣሪያ የገዛ ሰው በመሣሪያው መጠቀም ይፈልጋል። ያሳሰበን ሌላ ነገር ነው። እኒያ እናት ለሌዘር ግመላቸውን ቢሸጡ ኖሮ ስኳራቸው ሳይታወቅ፤ ድንጋዩም ሳይነሣ ይመለሱ ነበር፤ በመንገዱ ላይ አራት ጥያቄ የሚነግራቸው ሰው ስላልነበረ ብቻ። በየቤታችን እንዲህ ያለ እናት፤ እንዲህ ያለ አባት አለ። እኛ ደግሞ በየዓመቱ ክረምት ወደ የአገራችን እንበተናለን፤ ከእኛ ጋር የሚመለሰው ግን የታጠበ ልብስና የፈተና ወሬ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። በመጪው ክረምት ወደ ቤቱ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ እነዚህን አራት ጥያቄዎችና የመፋቂያውን አያያዝ በአንድ ገጽ በየአካባቢው ቋንቋ ጽፎ ይያዝ፤ ወደ ሐረርጌ የሚሄድ በኦሮምኛና በሶማልኛ፤ ወደ ሌላው የሚሄድ በየቋንቋው። የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ጽሑፉን ያርሙልን፤ ማባዣውንና ወረቀቱን ማኅበሩ ይስጠን። ፈቃደኛ የሆነ ሰው ሊያነጋግረን ቢሻ ሩቅ አንሄድም፤ ከሰዓት በኋላ በዚያው በድድ ማስጫችን ተቀምጠን ያገኘናል።